ዕዳው የማን ነው?

የልብ አንጠልጣይ ልቦለድ አንባቢ ሲከፋው አከፋፉ ከሌላው አንባቢ ይለያል። የግጥም መጽሐፍ ያልጣመው ሰው መጽሐፉን አስቀምጦ ዝም ይላል። የታሪክ መጽሐፍ የሰለቸው ሰው «ከበደኝ» ብሎ ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ ይካፈላል። የሚወደው የስለላና የወንጀል ታሪክ ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ያላረካው ሰው ግን እንደ ተካደ ሰው ይቆጣል። የድሬ ልጅ ከሆነማ ቁጣውን በሆዱ አያሳድርም፤ ከከዚራ ዛፎች ጥላ እስከ ሳቢያን ድረስ ላገኘው ሁሉ «አቦ፣ ገንዘቤን ይመልስልኝ!» እያለ ይዞራል።

ባለፉት ወራት በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ይህን ቁጣ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የአንድ ስመ ጥር ልብ አንጠልጣይ ደራሲ አዲስ ሥራ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አንዱ ቅጂ በስድስት እጅ ዞረ፤ ስድስቱም አዘኑ። የደራሲውን ስም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ እርሱ ሳይሆን ስለ አንባብያኑ፣ ማለትም ስለ እናንተና ስለ እኔ ነውና። ደራሲ ለአንባቢው ዕዳ አለበት ወይ? ካለበት እስከ ምን ድረስ ነው? አንባቢስ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ነጻ ነው?

ልቦለድ ማንበብ ለአማኝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የቆየ ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። ጌታችን በገሊላ መንገዶች ሕዝቡን ያስተማረው ብዙውን ጊዜ በታሪክ ነበር፤ ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

ስለ ዕዳ ለመነጋገር ከራሳችን ተረት ነጋሪዎች የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። አያቶቻችን ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ውል ነው። ተራኪው «ልናገር ነው» ይላል፤ ሰሚው «ጆሮዬ ያንተ ነው» ይላል። ሰሚው ዝም ካለ ተረቱ አይጀመርም። ሲያልቅ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በመጨረሻ ባለ ዕዳ ሆኖ የሚቀረው ሰሚው ነው። ዳቦ ማምጣት አለበት፤ ተረቱንም መመለስ አለበት። በዘመናችን ዳቦው የመጽሐፉ ዋጋ ሆኗል፤ እርሱን ከፍለናል። ተረቱን መመለስ የሚባለው ግን ከእነ መኖሩም ተረስቷል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ የደራሲውን ዕዳ እንይ፤ እርሱም አለበትና። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚሠራው በመደበቅ ነው። ደራሲው በመጀመሪያው ገጽ ጥያቄ ይጥላል፦ ሰውየውን ማን ገደለው? ሰነዱ የት ገባ? ከመካከላችን ከጠላት ጋር የሚሠራው ማነው? መልሱን በእጁ ይዞ ይከለክለናል፤ እኛም ስለተከለከልን እንከተለዋለን። የአባቶቻችን ትውልድ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን የስለላ መጻሕፍት ያነብ የነበረው እንደዚህ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አባት በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ በባቡር ተሳፍረው ሚኤሶ ሊወርዱ ሲገባ፣ በእጃቸው የነበረው የስለላ መጽሐፍ አዋሽ እንዳደረሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። ደራሲው እንዲህ ሲያደርገን እንቅልፋችንን በብድር ወሰደ ማለት ነው። ብድር ደግሞ ይመለሳል።

ስለዚህ ገዳዩ በመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች ላይ ድንገት ብቅ ያለ፣ ከዚያ በፊት ስሙ ያልተነሣ ሰው ሆኖ ሲገኝ አንባቢው ቢቆጣ እውነት አለው። ነገሩ ሁሉ ሕልም ነበር ሲባልም እንዲሁ። ታሪኩ በሚቀጥለው መጽሐፍ ገበያ ደጃፍ ላይ ሲቆምም እንዲሁ። ከስድስቱ አንባብያን አንዷ፣ የሒሳብ መምህርት የሆነች እህት፣ መጽሐፉ የጠየቃቸውን ጥያቄዎች በወረቀት ዘርዝራ መጣች። ዘጠኝ ነበሩ። መልስ ያገኙት አራቱ ብቻ ናቸው። «ተማሪዬ ከዘጠኝ አራት ቢያመጣ አላሳልፈውም» አለች። እኔም አላሳልፈውም። ከምሳው ቀንሶ መጽሐፍ ለሚገዛ ተማሪ የደራሲ ግዴለሽነት ትንሽ በደል አይደለም። «ክርስቲያን ነንና ዝም እንበል፣ አናማርር» የሚል ትሕትናም አልወድም። ያልተከፈለን ዕዳ ያልተከፈለ ማለት እውነት መናገር ነው።

እውነት ሲነገር ግን እስከሚያውቁት ድረስ ነው። መጽሐፉ ደካማ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ደራሲው ሰነፈ፣ ገንዘብ አሳበደው፣ ናቀን ማለት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ከገጾቹ አንብበናል። ሁለተኛውን የት አነበብነው? እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የመጨረሻ ልቦለዷን ስትጽፍ ዕድሜዋ ከ80 አልፎ ነበር። መጽሐፉ ከሥራዎቿ ሁሉ ደካማ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ነገሩ ይምታታል፣ ንግግሩ ይደጋገማል፣ እንቆቅልሹ መንገድ ላይ ይጠፋል። በ2009 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በወጣትነቷና በእርጅናዋ የጻፈቻቸውን መጻሕፍት ቃላት በኮምፒውተር ቆጥረው ሲያነጻጽሩ፣ በመጨረሻዎቹ ሥራዎቿ የምትጠቀምባቸው የተለያዩ ቃላት በግልጽ ቀንሰው፣ «ነገር» የሚሉ ዓይነት ድፍን ቃላት በዝተው አገኙ። ምናልባት የመርሳት በሽታ ጀምሯት ይሆናል የሚል ግምት አቀረቡ። በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ምርመራ አልተደረገላትም፤ ስለዚህ ግምት ሆኖ ይቀራል። ግን አስቡት፤ በ1973 መጽሐፉን ወርውሮ «ሰነፈች!» ያለ አንባቢ፣ ቃላት ከእጇ እያመለጡ ገጹን ለመሙላት የምትታገል አሮጊት ላይ እየፈረደ ሊሆን ይችል ነበር። መጽሐፉ ደካማ ነው ያለው ፍርድ ትክክል ነው። ሌላው ከገደብ ያለፈ ነው።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታ ልሂድ፤ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከስድስቱ መካከል ሦስቱ ወንድሞች የተናደዱት ባልተመለሱት አምስት ጥያቄዎች አይደለም። እነርሱን ያስቆጣቸው ዋናው ገጸ ባሕርይ ቤተሰቡን ያጠፋበትን ሰው ጠመንጃ አፍ ላይ አድርሶ ሳለ ሳይተኩስ ለሕግ አሳልፎ መስጠቱ ነው። አንደኛው «አራት መቶ ገጽ ያነበብኩት ሲሞት ለማየት ነበር» አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ መዘምራን ውስጥ ያገለግላል። እኔም ይህን ክፍል ሳነብ እጄ ጠብቆ ነበር።

ታዲያ ደራሲው ያ ሰው እንደሚገደል ቃል ገብቶልን ነበር? ወደ ኋላ ተመልሰን አየን። አልገባም። ቃሉን የገባነው እኛ ራሳችን ለራሳችን ነው። ክፉው በየገጹ ሲከፋ፣ በልባችን የሞቱን ድግስ ደገስን፤ ድግሱ ሲቀር ደራሲውን ከሰስነው። ይህን ስናይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትዝ ያለን ዮናስ ነው። ነቢዩ መልእክቱን አድርሶ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ተቀመጠ፤ የነነዌን መጨረሻ ለማየት (ዮናስ 4)። የፊት ወንበር ይዞ እንደ ተቀመጠ ተመልካች ማለት ነው። እሳት አልወረደም። ከመቶ ሃያ ሺህ በላይ ሰዎች በሕይወት ቀሩ፤ ዮናስም እስከ ሞት ድረስ አዘነ። የእርሱ ኀዘን ከስድስቱ መካከል ከሦስቱ ኀዘን ምን ያህል ይርቃል? መጽሐፈ ዮናስ የሚያልቀውም በጥያቄ ነው። ነቢዩ መልስ ይስጥ አይስጥ አልተጻፈልንም። እኔ በበኩሌ የዮናስን መጽሐፍ «አጨራረሱ አላረካኝም» ብሎ የተቸ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ብዙዎቻችን ግን ዓሣው ጋ ስለምናቆም ይሆናል።

አንድ ሦስተኛ ቅሬታ አለ፤ በግልጽ አይነገርም እንጂ ከሌሎቹ ሥር ይገኛል። «እንደ መጀመሪያው አይደለም» የሚለው ነው። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ወጣቱ አያነብም እየተባለ በሚታማበት ሰዓት፣ የጣና ገዳማትን፣ የስለላ ድርጅቶችንና በውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስትን በአንድ ገመድ ያሰረ ታሪክ መጣና ወጣቱ በታክሲና በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ሲያነብ ታየ፤ መጽሐፉም ደጋግሞ ታተመ። «ራማቶሓራ» እና «ዮራቶራድ» ተከተሉት። ተከታዮቹን እዚህ አልመዝንም። የምለው ይህን ነው፦ መጀመሪያው መጽሐፍ ያገኘን ምንም ሳንጠብቅ ነበር፤ ሁለተኛው ያገኘን በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነው። የወደድነው ድንገቴነቱን ሆኖ ሳለ፣ ደራሲውን «ያንኑ ድንገት ድገምልን» እንለዋለን። ድንገት አይደገምም። ይህ የየትኛውም ደራሲ ጥፋት አይደለም።

ያልረካ አንባቢ ኃይሉን አቅልሎ ማየት አይገባም። አርተር ኮናን ዶይል ዝነኛውን መርማሪ ሸርሎክ ሆምስን ሰልችቶት በ1893 በስዊዘርላንድ ፏፏቴ ጣለው፤ ሌላ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ መጻፍ ፈልጎ ነበር። ታሪኩን ያወጣው «ስትራንድ» የተባለው መጽሔት ከ20,000 በላይ ደንበኞች እንዳጣ ይነገራል። ለደራሲው የስድብ ደብዳቤ ጎረፈለት። ዶይል ዓመታት ቆይቶ ተረታ፤ በ1903 ሆምስ እንዳልሞተ የሚናገር ታሪክ ጻፈ። እንግዲህ አንባቢ ሙት ያስነሣል! (የወጣት አገልጋዮች፣ ይህን ለስብከት መግቢያ እንዳትወስዱብኝ።) ሆምስ በመመለሱ እኔም ተደስቼ አነበብኩት። ቢሆንም ደራሲው ሊጽፈው ያሰበው ሌላ መጽሐፍ ምን ይሆን ነበር ብዬ አልፎ አልፎ አስባለሁ።

በእኛ አገር ታሪክ ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ያልረካ አንባቢ ነበር። ስለ ደራሲና ስለ ዕዳ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህን ታሪክ ሳያውቅ ማለፍ የለበትም።

በዓሉ ግርማ በዘመኑ ከነበሩት ደራሲዎች ሁሉ ተወዳጅ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ጋዜጠኛ ነበር፤ የመጽሔትና የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደርሷል። በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» አንባቢ ወደደው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮቱን ተስፋ የያዘውን «የቀይ ኮከብ ጥሪ» አሳተመ። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ብሎ የሰየመውን ትልቅ ዘመቻ ሲከፍት በዓሉ አሥመራ ነበር፤ ሥራው ዘመቻውን በመገናኛ ብዙኃን ማስተዋወቅ ነው። ከዚያ መልስ ስለዚያው ዘመቻ ልቦለድ ጻፈ። ባለሥልጣናቱ ምን እንደ ጠበቁ መገመት አያስቸግርም። የራሳቸው ሰው፣ የራሳቸው ጋዜጠኛ፣ ስለ ራሳቸው ዘመቻ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ድል ይጠብቃሉ።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። እንደ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ብቻ ብታነቡት እንኳ እንቅልፍ ይነሣል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም አሥመራ ይገባል፤ በከተማዋ ውስጥ ሰላዮች ሰላዮችን ያድናሉ፤ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም፤ ጸጋዬ አዲስ አበባ እጮኛ እያለችው ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ታሪኩ በመጨረሻ ወደ ናቅፋ ተራሮች ይወጣል። እዚያ ድል የለም። ወጣቶች ይረግፋሉ፤ ተራራው አይያዝም። «ኦሮማይ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ፣ በአሥመራ ሰዎች አፍ የሚነገር ነው፤ በቃ፣ አለቀ፣ አበቃለት እንደ ማለት ነው። ደራሲው ያየውን ጻፈ።

መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከመደብሮች ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ዳግም ታተመ፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ወጣ።

የደርግ ባለሥልጣናት አጨራረሱ አልጣማቸውም። ሌላ ምንም አይደለም። በዓሉ ያልከፈላቸው ዕዳ አልነበረበትም፤ ጥያቄዎቹን ሁሉ መልሷል። የከለከላቸው ለራሳቸው ቃል የገቡትን ድል ነው። እንግዲህ ወንድሜ «ሲሞት ለማየት ነበር ያነበብኩት» ሲለኝ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይህ ነው። ወንድሜን ከደርግ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ እርሱ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከመደብደብ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ግን ቅሬታው ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያልጠበቁትን ታሪክ የሰሙ ሁለት ነገሥታት አሉ። ናታን ለዳዊት ስለ አንዲት በግ ታሪክ ነገረው (2ኛ ሳሙኤል 12)። ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ። ዳዊት ታሪኩ ውስጥ ገባ፤ ልክ እንደ ሦስቱ ወንድሞች ክፉው እንዲሞት ፈረደ። ነቢዩም ጣቱን ወደ ዙፋኑ አዞረ። ከዚያ በላይ አንጠልጣይ ታሪክ፣ ከዚያ በላይ ያልተጠበቀ አጨራረስ የት አለ? በዚያች ቅጽበት ናታን የተናገረው በሕይወቱ ተወራርዶ ነው። ዳዊት ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ማድረግ ይችል ነበር፤ በድያለሁ አለ እንጂ።

ሁለተኛው ኢዮአቄም ነው (ኤርምያስ 36)። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ንጉሡ እሳት ፊት ተቀምጧል፤ ባሮክ ከኤርምያስ አፍ የጻፈው ክርታስ ይነበብለታል። ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር ንጉሡ በካራ እየቆረጠ ወደ እሳቱ ይጥለዋል። ክርታሱ እስኪያልቅ። እንደ ተመቸው አንባቢ፣ እግሩን እያሞቀ። ከዚያም ጸሐፊውንና ነቢዩን እንዲይዙ ሰው ላከ፤ አላገኟቸውም። ኤርምያስም ሌላ ክርታስ ወስዶ ለባሮክ ሰጠው፤ ባሮክም እንደ ገና ጻፈው፤ ሌላም ብዙ ነገር ተጨመረበት። «ኦሮማይ» ከመደብር ተሰብስቦ ሳለ በድብቅ ሲነበብ የነበረበትን ዘመን ሳስብ ይህ ሁለተኛው ክርታስ ይታወሰኛል።

ሁለቱም ነገሥታት የሰሙት ደስ አላሰኛቸውም። ዳዊት ታሪኩን መለሰ። አያቶቻችን «ተረቴን መልሱ» ሲሉ ከዚህ የራቀ ነገር የጠየቁ አይመስለኝም፤ የሰማኸውን ይዘህ ምን ሆንክበት? ኢዮአቄም አልመለሰም።

ይህ ሁሉ ለወጣት ኅብረት ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል፤ እኛ ክርታስ የማቃጠል ሥልጣን የለንም። አለን እላለሁ። ምስክርነት በሚቀርብበት ሰዓት የራሳችሁን ፊት ተመልከቱ። በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ላይ አንድ ወንድም ከጫትና ከመጠጥ ሱስ እንዴት እንደ ወጣ ተናገረ፤ ፖሊስ አለበት፣ ሌሊት አለበት፣ ለጥቂት የተረፈበት አደጋ አለበት። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፤ እኔም ጮኽኩ፤ ጌታ ይባረክ። ከእርሱ ቀጥላ አንዲት እህት ተነሣች። በአማኝ ቤት ማደጓን ተናገረች። ሦስት ዓመት ስለ ታመመች እናቷ እንደ ጸለየች፣ እናቷ እንደ ሞተች፣ እርሷ ግን ዛሬም እንደምታምን ተናገረች። ተቀመጠች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ በሹክሹክታ «መጨረሻውስ?» አለ።

መጨረሻው ያ ነበር። እናቷ ሞተች፤ እርሷ ታምናለች። የእኛ ጆሮ ግን በሌላ ዓይነት አጨራረስ ስለ ሠለጠነ ፊታችን ወደቀ፤ እርሷም አየችው። ከዚያ ቀን በኋላ መድረክ ላይ ስትወጣ አላየኋትም። ሌላ ደግሞ ልጨምር፤ ምስክርነቱ ተወዶለት በየጉባኤው የሚጋበዝ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር የታመመው ሁለት ቀን ነበር። በሦስተኛው ጉባኤ ሁለት ሳምንት ሆነ። በአምስተኛው ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ነበር። ልጁን ውሸታም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን ያንን ሁለት ሳምንት ከእርሱ ጋር አብረን የጻፍነው እኛ አድማጮቹ ነን እላለሁ፤ በእያንዳንዱ እልልታችን አንድ ቀን እየጨመርን። ዶይል ሆምስን ያስነሣው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ሆምስ ልቦለድ መሆኑ ነው። ምስክርነት ግን የጌታ ስም የሚጠራበት ነው።

ለዚህ ነው የአንድ ልቦለድ አጨራረስ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት። በልቦለድ ላይ የምንለማመደውን ቅሬታ ይዘን ነው አምልኮ የምንገባው። ስብከቱ «አላረካኝም» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው? ሰባኪው ሳይዘጋጅ መጥቶ ዘጠኝ ከፍቶ አራት ከዘጋ፣ በፍቅር ይነገረው፤ ዕዳ አለበት። እኛ ለራሳችን ቃል የገባነውን ካልነገረን ግን ዕዳው የእርሱ አይደለም። ሁለቱን መለየት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ አንድ መጽሐፍ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይሆናል። ስድስት እጅ የዞረው መጽሐፍም እንደዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። አምስት ጥያቄ ዕዳ አለበት፤ ያን ጠመንጃ ባለመተኮሱ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለውን ገጽ ጽፏል። ሦስቱ ወንድሞች እስካሁን አልተስማሙኝም። አንዱ እንዲያውም «አንተ አስተማሪ ስለሆንክ ነው» ብሎኛል፤ መልስ አላገኘሁለትም።

ከዚህ ወር ጀምሮ በኅብረታችን ውስጥ «ኦሮማይ»ን በተራ እያነበብን ነው። ቅጂው ሁለት ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው ከአሥር ቀን በላይ አይዘውም። አንድ ደንብ አወጣን፦ መጽሐፉን የሚመልስ ሰው ወደደው ወይም ጠላው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ተረቱን እንዲመልስ ነው፤ መጽሐፉ ምን እንደ ጠየቀው ይነግረናል። እስካሁን አራት ሰው አንብቦታል። ሁለቱ ስለ ጦርነትና ስለ ወጣት ዕድሜ ተናገሩ። አንዱ ስለ ጋዜጠኛውና ስለ እጮኛው አንስቶ፣ ከመናገር ይልቅ ዝም ማለቱ በለጠ። የሒሳብ መምህርቷ ደግሞ እንደ ልማዷ ጥያቄዎቹን ዘርዝራ መጣች፤ በዚህኛው ሁሉም ተመልሰዋል፣ ከአንዱ በቀር። የጸጋዬና የፊያሜታ ነገር ለምን እንደዚያ ማለቅ እንዳለበት አልገባትም። «ይህ የደራሲው ዕዳ ነው ወይስ የእኔ?» ብላ ጠየቀችኝ። የፊታችን ቅዳሜ እንነጋገርበታለን።